የኔዘርላንድስ ዜግነት ማግኘትና የኢትዮጵያ ዜግነት፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

በኔዘርላንድስ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ኢትዮጵያውያን የሀገሪቱን ዜግነት ለመጠየቅ ሲዘጋጁ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ዜግነትን ሳያጡ የኔዘርላንድስ ዜጋ መሆን ይቻል እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው አጭር መልስ፣ በራሱ ፈቃድ አመልክቶ የኔዘርላንድስን ዜግነት ለሚያገኝ ዐዋቂ ሰው አይቻልም የሚል ነው። የኔዘርላንድስ ሕግ ለተወሰኑ አመልካቾች የቀድሞ ዜግነታቸውን እንዲተዉ የማይጠይቅባቸው ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ የኢትዮጵያ ሕግ ግን በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል።

ይህ ጽሑፍ የኔዘርላንድስ ዜግነት የሚገኝባቸውን መንገዶች፣ የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታንና ልዩ ሁኔታዎቹን፣ የኢትዮጵያ ሕግ ድንጋጌዎችን፣ የልጆችን ጉዳይ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተጠበቁ መብቶችን እንዲሁም የኔዘርላንድስ ዜግነት የሚታጣባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ያብራራል።

1. ሁለት ሕጎች፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

አንድ ሰው የአንድ ሀገር ዜጋ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የዚያው ሀገር ሕግ ነው። የኔዘርላንድስ ሕግ የኔዘርላንድስ ዜጋ ማን እንደሆነ ይወስናል፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ግን ሊወስን አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ አመልካች ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ማየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ኔዘርላንድስ የቀድሞ ዜግነቱን እንዲተው ትጠይቀው እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢትዮጵያ ዜግነቱን ይዞ እንዲቆይ ትፈቅድለት እንደሆነ ነው።

በተግባር ብዙ ችግር የሚፈጠረው ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው። ለምሳሌ የኔዘርላንድስ ዜጋ ያገባችና በሮተርዳም የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት የዜግነት ማመልከቻ ስታቀርብ፣ በጋብቻዋ ምክንያት የቀድሞ ዜግነቷን እንድትተው እንደማትገደድ ልትሰማ ትችላለች። ይህ መልስ በኔዘርላንድስ ሕግ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መልሱን «ሁለቱንም ዜግነት ይዤ እቆያለሁ» ብላ ከተረዳችውና ከዜግነት ሥነ ሥርዓቱ በኋላ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ መጓዟን ከቀጠለች፣ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት የእርሷ ያልሆነ የዜግነት ሰነድ ይዛ ትገኛለች። ወላጆቿ ያወረሷትን ቤት በስሟ ለማዛወር ወይም የንግድ ፈቃድ ለማውጣት በምትሞክርበት ጊዜ ጉዳዩ ሊያደናቅፋት ይችላል። ኔዘርላንድስ ያላስገደደችው ነገር ሁሉ በኢትዮጵያ የተፈቀደ እንዳልሆነ አስቀድሞ መረዳት ከእንዲህ ያለው ችግር ያድናል።

2. የኔዘርላንድስ ዜግነት የሚገኝባቸው መንገዶች

የኔዘርላንድስን ዜግነት የሚመለከተው ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰፊ ማሻሻያ ተደርጎበታል። በዚህ ሕግ መሠረት ዜግነት በሦስት መንገዶች ይገኛል።

የመጀመሪያው በትውልድ ነው። ከኔዘርላንድሳዊት እናት የተወለደ ልጅ፣ እንዲሁም ከእናቱ ጋር በጋብቻ ከተሳሰረ ኔዘርላንድሳዊ አባት የተወለደ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ ነው። ወላጆቹ ያልተጋቡና ዜጋው አባት ብቻ ከሆነ፣ አባት ልጁን ከመወለዱ በፊት በሕግ መቀበል ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2009 ወዲህ፣ ዕድሜው ከ7 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከልደቱ በኋላ አባቱ በሕግ ከተቀበለውም ልጁ ዜግነቱን ያገኛል።

ሁለተኛው «ኦፕሲ» በመባል የሚታወቀው አጭር ሥርዓት ነው። በዚህ መንገድ መጠቀም የሚችሉት በሕጉ የተዘረዘሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በኔዘርላንድስ ተወልደው ሳያቋርጡ በዚያው የኖሩ ዐዋቂዎች፣ ከ4 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በሀገሪቱ የኖሩ ዐዋቂዎች፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላና ቢያንስ 15 ዓመት በሕጋዊነት የኖሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ከኔዘርላንድስ ዜጋ ጋር ቢያንስ ለ3 ዓመት በጋብቻ የቆዩና ለ15 ዓመት በሕጋዊነት የኖሩ ሰዎች ይገኙበታል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለሚኖሩበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲሆን፣ ውሳኔውን የሚሰጠውም ከንቲባው ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚጠቀሙበት «ናቱራሊዛትሲ» የሚባለው፣ መደበኛ የዜግነት ማመልከቻ የሚቀርብበት ሥርዓት ነው።

3. የመደበኛው ማመልከቻ መስፈርቶች

በመደበኛው ሥርዓት የሚያመለክት ሰው በዋናነት የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል።

– ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው መሆን፤

– ቢያንስ 5 ተከታታይ ዓመታት በሚጸና የመኖሪያ ፈቃድ መኖር። የኔዘርላንድስ ዜጋ ያገባ ወይም ሀገር አልባ መሆኑ የታወቀ ሰው ከ3 ዓመት በኋላ ማመልከት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ሳይታደስ የቀረበት ክፍተት የዓመታቱን ቆጠራ ስለሚያቋርጥ ፈቃድን በጊዜው ማሳደስ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻል፤

– ማመልከቻው በሚቀርብበት ጊዜ የዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ ወይም በባሕርይው ጊዜያዊ ላልሆነ ዓላማ የተሰጠ ፈቃድ መያዝ። ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ለዚህ አይበቃም፤

– የኅብረተሰብ ውሕደት ፈተናውን ማለፍ። ፈተናው የቋንቋ ችሎታንና ስለ ሀገሪቱ ኑሮ ያለን ዕውቀት ይለካል፤

– ባለፉት 5 ዓመታት በከባድ ጥፋት የተፈረደበትን ቅጣት አለማጠናቀቅ ወይም በወንጀል ተጠርጥሮ ጉዳዩ ያልተዘጋ አለመሆን፤

– ከአንድ በላይ በሆነ ጋብቻ ውስጥ አለመኖር፤

– ልዩ ሁኔታ ከሌለው በስተቀር የቀድሞ ዜግነቱን ለመተው ፈቃደኛ መሆን።

አመልካቹ የጸና ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ከውጭ ሀገር የመጣ የልደት ምስክር ወረቀት በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠና የተተረጐመ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ የተሰጡ ሰነዶችን የማረጋገጥ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ፣ አመልካቾች ማመልከቻቸውን ከሚያቀርቡበት ጊዜ ብዙ ቀደም ብለው ቢጀምሩት ይመከራል። በተለይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የልደት ቀን በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያና በአውሮፓ የዘመን አቈጣጠር መካከል በሚደረግ የቀን ቅየራ የሚፈጠር ስሕተት ማመልከቻን ለረጅም ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል።

4. ከማመልከቻ እስከ ሥነ ሥርዓት

ማመልከቻው የሚቀርበው አመልካቹ በተመዘገበበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሰነዶቹን መርምሮ አስተያየቱን ለኢሚግሬሽንና ዜግነት መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ውሳኔ ለመስጠት በመደበኛው የተቀመጠው ጊዜ 1 ዓመት ሲሆን ሊራዘም ይችላል። የአገልግሎት ክፍያው በየዓመቱ የሚሻሻል ሲሆን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። ውድቅ የተደረገበት አመልካች በ6 ሳምንት ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል።

ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ ዜግነቱ በንጉሣዊ ድንጋጌ ይሰጣል። ነገር ግን ሰውየው ወዲያውኑ ዜጋ አይሆንም። ማዘጋጃ ቤቱ በሚያዘጋጀው የዜግነት ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቶ፣ ለኔዘርላንድስ መንግሥትና ሕጎች ያለውን ታማኝነት የሚገልጽ ቃል ከሰጠ በኋላ ውሳኔው ሲሰጠው ዜግነቱ ይጸናል። ድንጋጌው ከወጣ በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ያልተገኘ ሰው እንደገና ማመልከት ይኖርበታል።

ይህ ቀን ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። ማመልከቻ ማቅረብ ወይም የቋንቋ ፈተና ማለፍ ብቻውን የኢትዮጵያ ዜግነትን አያሳጣም። የኢትዮጵያ ዜግነት የሚቀረው የኔዘርላንድስ ዜግነት በሚጸናበት በሥነ ሥርዓቱ ዕለት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ማመልከቻውን ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ መቀጠል ይቻላል።

5. የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታና ልዩ ሁኔታዎቹ

በኔዘርላንድስ የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1992 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ መስከረም ወር 1997 መጨረሻ ድረስ ግዴታው ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከልዩ ሁኔታዎች ጋር ተመልሶ እስካሁን ይሠራበታል።

ዛሬ ግዴታው የማይጸናባቸው ዋና ዋና ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

– የኔዘርላንድስ ዜጋ ያገባ ወይም ከዜጋ ጋር የተመዘገበ የአጋርነት ውል ያለው ሰው፤

– የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ሰው፤

– በኔዘርላንድስ ተወልዶ በዚያው የሚኖር ሰው፤



– የሀገሩ ሕግ ዜግነትን መተው የማይፈቅድለት ሰው፤ የሞሮኮና የኢራን ዜጎች ለዚህ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው፤

– ዜግነቱን ለመተው ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠየቅ ወይም ከባድ የንብረትና የውርስ መብት የሚያጣ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት የሚችል ሰው፤

– የኔዘርላንድስን ዜግነት ሲያገኝ በሀገሩ ሕግ መሠረት የቀድሞ ዜግነቱን ወዲያውኑ የሚያጣ ሰው።

የመጨረሻው ሁኔታ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሕግ ዜግነቱን በራሱ ስለሚያስቀር፣ ኢትዮጵያዊው አመልካች የተለየ የመተው ሥርዓት ባይፈጽምም ውጤቱ ያው ነው። በ«ኦፕሲ» መንገድ ለሚያመለክቱ ሰዎችም የኔዘርላንድስ ሕግ በአብዛኛው የመተው ግዴታ አያስቀምጥም፤ ከ4 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በሀገሪቱ የኖሩት ግን በመርሕ ደረጃ ይጠየቃሉ። ከኢትዮጵያ ሕግ አንጻር ግን ሁለቱም መንገዶች በሰውየው ፈቃድ የሚገኙ ስለሆኑ ልዩነት የላቸውም።

6. የኢትዮጵያ ሕግ ድንጋጌዎች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንደኛው ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል፣ እንዲሁም ከውጭ ሀገር ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻ የኢትዮጵያ ዜግነትን እንደማያስቀር ያረጋግጣል።

ይህ ድንጋጌ ለሴቶች ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በ1922 ዓ.ም. በወጣው የቀድሞው የዜግነት ሕግ፣ የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚያሰጣት ከሆነ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣ ነበር። ዛሬ ግን ኔዘርላንድሳዊ ማግባት ብቻውን የማንንም ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ዜግነት አይነካም። ዜግነቱን የሚነካው ከጋብቻው በኋላ በፈቃድ የሚቀርብና የሚጸና የዜግነት ማመልከቻ ነው።

የ1922 ዓ.ም.ን ሕግ የተካው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20፣ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ እንደሚቆጠር ደንግጓል። ድንጋጌው የሕገ መንግሥቱን መርሕ አይቃረንም፤ ዜግነቱ የሚቀረው በመንግሥት ውሳኔ ሳይሆን ሰውየው በራሱ ፈቃድ በወሰደው እርምጃ ነውና። በአዋጁ አንቀጽ 19 መሠረት ደግሞ ዜግነቱን መተው የሚፈልግ ሰው ያልተወጣው ብሔራዊ ግዴታ ወይም በወንጀል ተከሶ ያልተቋጨ ጉዳይ ካለበት፣ እስኪፈጽም ድረስ ከዜግነቱ አይለቀቅም።

አዋጁ የአንድ ሰው ዜግነት ማጣት የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ዜግነት እንደማይነካም ያመለክታል። ስለዚህ ባል የኔዘርላንድስ ዜጋ ስለሆነ ብቻ ሚስቱ ኢትዮጵያዊነቷን አታጣም፤ የየራሳቸው ሁኔታ ለየብቻ ይታያል።

7. የልጆች ጉዳይ

ከኢትዮጵያዊትና ከኔዘርላንድሳዊ ወላጆች የተወለደ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ የሁለቱም ሀገሮች ዜጋ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ በልጅነቱ እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው 1 ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ የኢትዮጵያ ዜግነቱን መያዝ እንደሚፈልግ ካላሳወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ይህን የ1 ዓመት ጊዜ ነው። ልጁ 19 ዓመት ሲሞላው ምርጫው የሚያበቃ በመሆኑ፣ ወላጆች ጉዳዩን ቢያንስ ልጁ 17 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ከልጃቸው ጋር መወያየት ይገባቸዋል። የትኛውን እንደሚመርጥ መወሰን የልጁ መብት ነው፤ ሳያውቀው ጊዜው እንዳያልፍበት ማድረግ ግን የወላጆች ኃላፊነት ነው።

ወላጅ ለራሱ የኔዘርላንድስ ዜግነት ሲጠይቅ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን በማመልከቻው ሊያካትት ይችላል። ዕድሜያቸው 12 ዓመት የሞላ ልጆች አስተያየታቸው ይጠየቃል፤ 16 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ፈቃዳቸውን በግልጽ መስጠት ይኖርባቸዋል። የኢትዮጵያ አዋጅ በራስ አነሣሽነት ሳይሆን በሕግ ኃይል የተገኘን ዜግነት ለብቻው ያየዋል። እንዲህ ያለ ሰው በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ምርጫውን ካላሳወቀ ወይም በውጭው ዜግነት የተሰጡትን መብቶች መጠቀም ከጀመረ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በመሆኑም በማመልከቻ የተካተቱ ልጆችን በሚመለከት ከማመልከቻው በፊት የሚመለከተውን የኢትዮጵያ ሚሲዮን ማማከር ያስፈልጋል።

8. ዜግነታቸውን ላጡ ሰዎች የተጠበቁ መብቶች

የኢትዮጵያን ዜግነት ማጣት ከሀገር ጋር ያለን ትስስር ማቋረጥ ማለት አይደለም። የትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች በትውልድ ሀገራቸው የተለያዩ መብቶች ተጠቃሚ እንዲሆኑ የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ በብዙዎች ዘንድ «ቢጫ ካርድ» እየተባለ የሚጠራውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ አስገኝቷል።

ካርዱን ማግኘት የሚችለው ቀደም ሲል ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ነው። የኤርትራን ዜግነት የወሰዱ ሰዎች በአዋጁ አይካተቱም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከማስቆሟ በፊት በጉዲፈቻ ወደ ኔዘርላንድስ የተወሰዱና ዛሬ የዚያ ሀገር ዜጎች የሆኑ ወጣቶችም፣ ትውልዳቸውን በማስረጃ ካረጋገጡ በአዋጁ ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ።

የካርዱ ባለቤት፦

– ያለ ቪዛ ወደ ኢትዮጵያ መግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ይችላል፤

– ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል፤

– በኢንቨስትመንት ረገድ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት የመታየት መብት አለው፤

– የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን በተመለከተ በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ገደብ አይመለከተውም፤

– የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር አገልግሎቶችን እንደ ዜጋ ያገኛል።

ካርዱ የማይሰጣቸው መብቶችም በግልጽ ተቀምጠዋል። የካርዱ ባለቤት በማንኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥም ሆነ መመረጥ አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ ተቋማት በቋሚነት ተቀጥሮ መሥራትም አይፈቀድለትም። ካርዱ የዜግነት ሰነድ አይደለም፤ በሌላ ሀገር ለሚኖር ሰው የኢትዮጵያን የቆንስላ ጥበቃም አያስገኝም።

ካርዱን ለማውጣት የጸና የውጭ ፓስፖርትና ኢትዮጵያዊነትን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የቀድሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የወላጅ ሰነድ ለዚህ ያገለግላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በሚመለስበት ጊዜ ቅጂውን በጥንቃቄ ማስቀረት ይጠቅማል።

9. የኔዘርላንድስ ዜግነት የሚታጣባቸው ምክንያቶች

የኔዘርላንድስ ዜግነትም አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ሊታጣ ይችላል። ሦስት ምክንያቶች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው ሌላ ዜግነትን በፈቃድ ማግኘት ነው። ኔዘርላንድሳዊ የሆነ ዐዋቂ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ከወሰደ፣ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በስተቀር የኔዘርላንድስ ዜግነቱን ወዲያውኑ ያጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ዜግነት ስላልሆነ ካርዱን ማውጣት የኔዘርላንድስ ዜግነትን አይነካም።

ሁለተኛው የ13 ዓመት ደንብ ነው። ሁለት ዜግነት ያለው ዐዋቂ ኔዘርላንድሳዊ ከኔዘርላንድስ መንግሥት ግዛትና ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለ13 ተከታታይ ዓመታት ከኖረ ዜግነቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት ወር 2022 ድረስ 10 ዓመት ነበር። ፓስፖርትን፣ የኔዘርላንድስ መታወቂያን ወይም የዜግነት ማረጋገጫን በጊዜው ማሳደስ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። የዐዋቂዎች ፓስፖርት ለ10 ዓመት ስለሚያገለግል፣ ጊዜው ሳያልፍ የሚያሳድስ ሰው በአብዛኛው ሥጋት አይኖርበትም። ደንቡ የሚመለከተው ሁለት ዜግነት ያላቸውን ሰዎች ስለሆነ፣ የኔዘርላንድስ ዜግነት ብቻ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ ቢኖር በዚህ ደንብ ዜግነቱን አያጣም። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2019 በሰጠው ውሳኔ፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ዜግነት ሲታጣ ውጤቱ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሊመረመር እንደሚገባ አረጋግጧል።

ሦስተኛው ማጭበርበር ነው። በሐሰት መረጃ ወይም አስፈላጊ ፍሬ ነገርን በመደበቅ የተገኘ ዜግነት እስከ 12 ዓመት ድረስ ሊሻር ይችላል። በማመልከቻ ጊዜ ስምን፣ ዕድሜን ወይም የቤተሰብ ሁኔታን በትክክል መግለጽ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

10. ወደ ኢትዮጵያ ዜግነት መመለስ

በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ ቀደም ሲል ኢትዮጵያዊ የነበረና የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖሪያውን በሀገር ውስጥ ከመሠረተ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ የኢትዮጵያ ዜግነቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። የዜግነት ጉዳዮችን የሚያስተናግደው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው።

በዚህም ረገድ የሁለቱ ሕጎች ልዩነት እንደገና ይታያል። የኔዘርላንድስ ሕግ፣ በትውልድ ሀገሩ እየኖረ የዚያን ሀገር ዜግነት መልሶ የሚያገኝ ሰው የኔዘርላንድስ ዜግነቱን እንዳያጣ የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ አለው። ይሁንና ኢትዮጵያ የውጭ ዜግነቱን እንዲተው ስለምትጠይቅ፣ ይህ ልዩ ሁኔታ ለተመላሹ ኢትዮጵያዊ በተግባር ሁለት ዜግነት አያስገኝለትም።

11. ከውሳኔ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦች

የኔዘርላንድስን ዜግነት መውሰድ በሀገሪቱ ለመኖር ብቸኛው መንገድ አይደለም። የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መያዝ የሚፈልጉ ሰዎች በዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ይችላሉ። ቢያንስ 5 ዓመት በሕጋዊነት የኖረ የውጭ ዜጋ በኔዘርላንድስ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የመምረጥ መብት አለው። በአንጻሩ በሀገር አቀፍ ምክር ቤት ምርጫ መሳተፍ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች በነጻነት መንቀሳቀስና መሥራት፣ እንዲሁም ወደ ውጭ ሄዶ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ያለ ሥጋት መመለስ የዜግነት ጥቅሞች ናቸው። የዘላቂ ፈቃድ ባለቤት መኖሪያውን ከኔዘርላንድስ ካዛወረ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ አመልካቾች ከዜግነት ሥነ ሥርዓቱ ቀን በፊት የሚከተሉትን ቢያጤኑ ይመከራል፦

– በኢትዮጵያ ያላቸው ንብረት፣ የጡረታ መብት፣ የንግድ ፈቃድና ያልተጠናቀቀ የውርስ ጉዳይ በዜግነት ለውጡ እንዴት እንደሚነካ ማጣራት፤

– ወደፊት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ወይም በፖለቲካ ለመሳተፍ ሐሳብ ያላቸው ከሆነ፣ መታወቂያ ካርዱ ይህን መብት እንደማይሰጥ መገንዘብ፤

– የልጆቻቸውን የዜግነት ሁኔታና የምርጫ ጊዜ በጽሑፍ መዝግቦ መያዝ፤

– ኢትዮጵያዊነታቸውን የሚያሳዩ ሰነዶችን ቅጂ ማስቀመጥ፤

– የኔዘርላንድስ ዜግነት ከጸና በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርትን ለሚመለከተው ሚሲዮን መመለስና በፓስፖርቱ አለመጓዝ፤

– ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ካሰቡ መታወቂያ ካርዱን አስቀድሞ ማውጣት ወይም ቪዛ መጠየቅ።

ማሳሰቢያ

የሁለቱም ሀገሮች ሕጎችና የአገልግሎት ክፍያዎች በየጊዜው ሊሻሻሉ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ በመሆኑ የሕግ ምክርን አይተካም። የኔዘርላንድስን መስፈርቶች በሚመለከት የሚኖሩበትን ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ የኢትዮጵያ ዜግነትንና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድን በሚመለከት ደግሞ በአቅራቢያ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሚሲዮን ወይም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ ማቅረብ የሚጠቅመው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ቃል ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ዜግነት የሚመለሰው በአዋጁ በተደነገገው ሥርዓት ብቻ ነው።